አልሰበር ያለው በር

ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ጋሽ ሚሊ ብሎ ነው። ቅጽል ስሙ የወጣው ከሚሊሜትር ነው፤ ሌላው አናጢ «ትንሽ ቀንስለት» በሚልበት ቦታ እሱ «ሦስት ሚሊ» ስለሚል። ባለቤቱ ለጎረቤት ስታወራ፣ «ሻይ ስቀዳለት እንኳ ከብርጭቆው አፍ ስንት ሚሊ እንደጎደለ ይነግረኛል» ትላለች። እውነቷን ነው። አንድ ጊዜ ነግሯታል።

የሚሠራው በር ነው። አልጋም ቁም ሣጥንም ይሠራል፤ ሰው «ሙያህ ምንድን ነው?» ሲለው ግን «በር» ብሎ ዝም ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ የትኛውን በር የት ቤት እንደገጠመ፣ በየት በኩል እንደሚከፈት፣ የትኛው ዝናብ ሲመጣ እንደሚያብጥ በቃሉ ያውቀዋል። መንገድ ላይ ሲሄድ የሰውን ሰላምታ ከመመለሱ በፊት የቤቱን በር ያያል።

እንዲህ ያደረገው አንድ መጥፎ በር ነው። የሃያ ሦስት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ ከአለቃው ተለይቶ በራሱ በወጣ በአራተኛው ሥራው፣ ለብቻቸው ለሚኖሩ ጡረተኛ አስተማሪ በር ገጠመላቸው። መቃኑን ከቀጭን ጣውላ ሠራው፤ ማጠፊያውን በባለ ሃያ ሚሊ ቪስ አሰረው። ቫርኒሹ ግን ፊት ያሳያል። በሁለተኛው ወር አንድ ሌባ በጠራራ ፀሐይ መጣና በአንድ ርግጫ ገነጠለው። አስተማሪዋ ጓዳ ስለነበሩ አልተነኩም፤ ሌባውም ሬዲዮናቸውን አንጠልጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ጋሽ ሚሊ በማግስቱ ደህና በር ሠርቶ ገጠመ። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲያ የምግብ ጠረጴዛቸውን እየጎተቱ በሩን ማስደገፍ ያዙ።

«እትዬ፣ ይሄኛውን መኪናም አይገፋው» ቢላቸው፣ «በሩን አምኜዋለሁ ልጄ፤ ያላመንኩት ራሴን ነው» አሉት። እስኪሞቱ ድረስ ጎተቱት። ጠረጴዛው ወለሉ ላይ የሳለውን ጭረት ጋሽ ሚሊ ዛሬም ቢሆን አይኑን ጨፍኖ መሳል ይችላል።

ከዚያ በኋላ ከእጁ የወጣ በር ሁሉ ሦስት ማጠፊያ አለው። እያንዳንዱ ማጠፊያ መቃኑን አልፎ የሚገባ ባለ መቶ ሚሊ ቪስ አለው። ደንበኛው ይህን አያውቅም። ጋሽ ሚሊ ለደንበኛ ስለ ቪስ አያወራም፤ የጠገነውንም ነገር «ጠገንኩልህ» አይልም። ሥራ ከተሠራ ተሠራ፣ ወሬው ምን ያደርጋል ባይ ነው። ይህ ልማዱ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ምንም አላጎደለበትም። አንድ ቀን ግን ጉድ ሊያፈላ ነበር።

ያለችው ልጅ አንዲት ናት። ሰጋቱራ ላይ ዳዴ ብላ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ ያለ አንድ ሚስማር መሳቢያ ገጥማ ያሳየች። የመጀመሪያውን መጋዝ የሰጣት እሱ ነው፤ የመጀመሪያውንም ሕግ እንዲሁ፦ የተጀመረ ቁርጥ መሃል ላይ አይቆምም። ቢከብድሽም፣ ክንድሽ ቢዝልም፣ ሰው ቢጠራሽም እስከ ጫፍ ትሄጃለሽ፤ መሃል ላይ የቆመ መጋዝ እንጨቱን ያበላሻል። ሱቁን እሷ እንደምትረከብ እሱ ብቻ ሳይሆን ሰፈሩም ያውቅ ነበር። በሃያ አራት ዓመቷ ግን «ፊልም ልሠራ ነው» አለችው። አልጮኸባትም። «መጋዝሽን ዘይት ቀቢውና ስቀይው» አላት፤ በቃ። ሁለት ዓመት ሙሉ በእናቷ በኩል ሲነጋገሩ ኖሩ። «ለልጅሽ ንገሪያት» ይላል፤ «ለባልሽ ንገሪው» ትላለች። እናትየው፣ «እኔን ስልክ እንጨት አደረጋችሁኝ» እያለች መልእክት ታመላልሳለች።

አንድ ጠዋት ታዲያ ልጅቱ ራሷ መጣች፤ እጇ ላይ የተጠቀለለ ወረቀት ይዛ።

«ሥራ ይዤ መጥቻለሁ።»

«ደንበኛ ከሆንሽ ወንበሩ እዚያ ነው» አለ፣ ከመላጊያው ቀና ሳይል።

ተቀመጠች። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደና «ርዝመት?» አላት።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ምን እንደሆነ ልንገርህ።»

«ልኩን ንገሪኝ፤ ምን እንደሆነ ከልኩ አውቀዋለሁ።»

«አምስት ሜትር በአራት። ሦስቱ ግድግዳ ቋሚ፤ አራተኛው በጎማ የሚሄድ፣ ካሜራ ሲገባ ገለል የሚል። መስኮት የለውም። አንድ በር አለው።»

እርሳሱ ቆመ። «መስኮት የሌለው ክፍል ሰው ምን ሊሆንበት ነው?»

«ሊታገትበት።»

ነገረችው። ከሥራ የተባረረ አንድ ጥበቃ፣ ጉዳዩን የሚሰማው ቢያጣ፣ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ቤት ከነሠራተኛዋ ይቆልፈዋል። አጋችና ታጋች አንድ ቀን ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጠው ይውላሉ። መጀመሪያ ይፈራራሉ፤ ቀጥሎ ይሰዳደባሉ፤ ከዚያ ማውራት ይጀምራሉ፤ ሳያስቡት አንዱ የሌላውን ነገር ያውቃል። በመጨረሻ ፖሊስ በሩን ሰብሮ ይገባና እሱን እየጎተተ ይወስደዋል።

«ተዋናዮቹ እነማን ናቸው?»

«አጋቹ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ታጋቿ ነርስ።»

«ሥራቸውን አላልኩሽም።»

«እኔም ሥራቸውን ነው የነገርኩህ። ተዋናይ አይደሉም። የተለማመደ ፊት አልፈለግኩም።»

ጋሽ ሚሊ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበው። ልኮቹ ንጹሕ ናቸው፤ የእጅ ጽሑፏ ከድሮው አልተለወጠም። ከበሩ ሥዕል አጠገብ ግን አንድ መስመር ተሰምሮበታል፦ «በአንድ ርግጫ የሚሰበር።»

ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። ልጅቱ የአስተማሪዋን ታሪክ ታውቀዋለች።

«ይሄን ከኔ ነው የምትፈልጊው?»

«የሚሰበር በር ለመሥራት የማይሰበረውን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ደግሞ አባዬ፣ ልንገርህ። መጋዘኑን ያገኘሁት ለአሥር ቀን ነው፤ ካሜራውም የሰው ነው። በአሥር ቀን ካላለቀ ሁለተኛ የሚሰጠኝ የለም። ካልሆነልኝ፣ ቃሌ ነው፣ ተመልሼ መጋዜን አወርዳለሁ። ፊልም የሚባል ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሳም።»

ማታ ይህን ለባለቤቱ ሲነግራት ባለቤቱ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች።

«ታዲያ ደስ አለህ?»

«ለምን ደስ ይለኛል?»

«ካልተሳካላት ትመለሳለቻ። ሁለት ዓመት ሙሉ የተሰቀለውን መጋዝ እያየህ የምትውለው ለምን ሆነና?»

ጋሽ ሚሊ እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ሲተኛም፣ ሲነሳም ግን ጥያቄዋ አብሮት ነበር።

ክፍሉን ሱቁ ውስጥ በአራት ቀን ሠርቶ መጋዘኑ ውስጥ ገጣጠመው። ግድግዳውን በሞራሌ ቋሚና በስስ ኮምፔንሳቶ ልባስ፣ በሩን በእውነተኛ ጣውላ። ቁልፉን እውነተኛ አደረገው፤ ዘይት ቀብቶ ሲያዞሩት «ቀጭ» የሚል። ከዚያ ጥርሱን ነክሶ የታዘዘውን አደረገ፦ በሩን ከጀርባው በኩል እስከ ግማሽ ውፍረቱ በመጋዝ ቀደደው፣ ማጠፊያዎቹንም በአጫጭር ቪስ አንጠለጠለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ መሰለው። «የውርደት ሥራ» አለ ለራሱ፤ ግን ትክክለኛ የውርደት ሥራ ነበር፤ ቅዱ በስኳድራ የተለካ ነው።

ቀረጻው በተጀመረበት ጠዋት ነርሷ መጋዘኑ ውስጥ ገብታ ሾፌሩን ስታይ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ይሄ ሰውዬ ነው አጋቼ?»

«ደህና አደሩ ሲስተር» አለ ሾፌሩ።

«ደህና አላደርኩም። የዛሬ ሦስት ወር እየሮጥኩ ስመጣ በሩን ፊቴ ላይ ዘግተህ ሄደሃል። ዝናብ ነበር። እስከ ውስጥ ልብሴ ነው የረጠብኩት።»

«ሰዓቴ ደርሶ ነበር።»

«በመስታወት አይተኸኛል።»

«መስታወቱ ጭጋግ ለብሶ ነበር ሲስተር።»

«ጭጋግ የለበሰው ዓይንህ ነው።»

ዳይሬክተሯ፣ ማለትም የጋሽ ሚሊ ልጅ፣ ሁለቱን በየተራ አየቻቸውና ፊቷ በራ። «እባካችሁ እዚህ አትጨርሱት» አለች፤ «ለካሜራ አስቀምጡልኝ።»

የቀረጻ ሕጓን ደግሞ ለሁሉም ነገረች። አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ካሜራው ከተነሳ በኋላ እሷ «ከት» እስካላለች ድረስ ማንም አያቆምም። ቃል ቢጠፋችሁ፣ ዕቃ ቢወድቅ፣ ሰው ቢያስነጥስ ትቀጥላላችሁ። ጋሽ ሚሊ ጥግ ላይ ቆሞ ሰማ። የማን ሕግ እንደሆነ ያወቀው እሱ ብቻ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ቪስ የሚፈልግ መስሎ።

በሦስተኛው ቀን በሩ አስቸገረ። ሾፌሩ በየትዕይንቱ በንዴት ያንኳኳዋል፣ ይዘጋዋል፣ ይደገፈዋል። የተቀደደ በር፣ አጫጭር ቪስ፤ ወዲያው ዘቀጠና ወለሉን መፋቅ ጀመረ። ድምፅ ቀራጩ ማዳመጫውን ከጆሮው ላይ አነሳ።

«ጋሼ፣ በርዎ ያቃስታል። ይሄን ሙሉ ፊልም መስማት አንችልም።»

አራት ሚሊ ዘቅጧል። ጋሽ ሚሊ ሰዎቹ ምሳ ሲሄዱ ብቻውን ቀረና ጠገነው። ቅዱን ኮላ አጠጥቶ በሞርሳ ጨበጠው፤ ከጀርባው ሁለት የብረት ጠፍር አሰረበት፤ ማጠፊያዎቹን ባለ መቶ ቪስ አበላቸው። ዐሥረኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፖሊሶቹ ከመምጣታቸው በፊት ሊፈታው ነው። ትዕይንቱ በዘጠኝ ሰዓት እንደሆነ ፕሮግራሙ ላይ አንብቧል። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ሰዎቹ ከምሳ ሲመለሱ በሩ በአንድ ጣት ተገፍቶ ያለ ድምፅ ተዘጋ። ድምፅ ቀራጩ አውራ ጣቱን አቆመለት። ጋሽ ሚሊም እንደ ልማዱ ስለ ቪሱ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ቀኖቹ ሄዱ። አጋችና ታጋች በካሜራ ፊት ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ በእረፍት ጊዜም አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጫፍና ጫፍ ይቀመጣሉ። በአምስተኛው ቀን ነርሷ የሾፌሩ ዓይን ደም መልበሱን አየችና የደም ግፊት መለኪያዋን ከቦርሳዋ አወጣች።

«እጅህን አምጣ።»

«ምን ሊያደርጉኝ ነው?»

«አሁን እኔ ነኝ አጋቹ። እጅህን አምጣ አልኩህ።»

ለክታ ፊቷን ቋጠረች። «ይሄን ይዘህ ነው መቶ ሰው የምትጭነው? ውሃ ትጠጣለህ?»

«ሲስተር፣ ሾፌር ውሃ ከጠጣ ሽንት ቤት ይፈልጋል። መስመሩ ላይ ሽንት ቤት የለም። ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ብርጭቆ ብጠጣ ነው።»

ነርሷ ይህን አታውቅም ነበር። የመለኪያውን ጨርቅ ከክንዱ ፈታች። «ያን ቀን ቸኩለህ የነበረውስ?»

ሾፌሩ አንገቱን ደፋ። «መናኸሪያ ደርሼ... ያው፣ ለዚያው ነበር።»

ነርሷ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አግዳሚው ላይ በመሃላቸው የነበረው ክፍት ቦታ እየጠበበ ሄደ፤ ጋሽ ሚሊ ቢለካው በሚሊ ይነግራችሁ ነበር። ዳይሬክተሯም ከሩቅ ታዳምጥና ማታ ማታ የተጻፈውን እየሰረዘች የእነሱን ወሬ ታስገባለች።

በዐሥረኛው ቀን ጠዋት የመጋዘኑ ባለቤት ደወለ። ዕቃ የጫኑ መኪናዎች ማታ ሳይሆን ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ይገባሉ፤ እስከዚያ ለቃችሁ ውጡ። ዳይሬክተሯ ፕሮግራሙን ባንድ እግሯ ቆማ ገለበጠችው፦ የመጨረሻው ወግና የበሩ መሰበር ተለያይተው መቀረጻቸው ቀርቶ ሳይቋረጥ በአንድ ይቀረጻሉ፤ ዛሬ ጠዋት፣ በአምስት ሰዓት። ለካሜራ ባለሙያው ነገረች። ለተዋናዮቹ ነገረች። ፖሊስ ሆነው ለሚገቡት ሦስት የጎማ ቤት ሠራተኞች ነገረች። አባቷ በዚያ ሰዓት ቪስ መፍቻ ካቻቢቴ ሊስል ሱቁ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ነጭ ሰሌዳ አስይዛው፣ «አባዬ፣ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንዲውል እንዲህ አዘንብለህ ዝም ብለህ ቁም» አለችው። የሰማ መስሏታል። እሷም የማን ልጅ ሆነችና፤ ሥራ ከተሠራ ወሬው ምን ያደርጋል።

ካሜራው ተነሳ። ሾፌሩና ነርሷ መሬት ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። እሱ ከሥራ የተባረረበትን ቀን ይነግራታል፤ እሷ የመዝገብ ቤቱን አቧራ ስትጠርግ ያለፈውን ዕድሜዋን። ጋሽ ሚሊ ሰሌዳውን ይዞ ወጉን ወደደው። ከምሳ በኋላ በሩን እፈታለሁ፣ እያለ በልቡ የቪሱን ቁጥር ያሰላል። ሦስት ማጠፊያ፣ አራት አራት፣ ዐሥራ ሁለት።

ያኔ ከውጭ «ክፈት! ፖሊስ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ጋሽ ሚሊ ክው አለ።

የመጀመሪያው ርግጫ ሲያርፍ መጋዘኑ ተናጋ። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው አረፈ። በሩ አቧራውን አራገፈና ዝም አለ። ከሦስተኛው በኋላ ከውጭ «ወይ እግሬን» የሚል ነገር ተሰማ። የካሜራ ባለሙያው ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል ላቡ በጆሮው ሥር ወረደ። ጋሽ ሚሊ ሰሌዳውን ጥሎ ሊሮጥ ፈለገ፤ ሕጉ ያዘው። ልጁን አያት። ዳይሬክተሯ ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች። «ከት» አላለችም።

ተዋናዮቹም «ከት» አልሰሙም። በጽሑፉ መሠረት ነርሷ እስካሁን ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ መጮህ ነበረባት። ጩኸቷን ጀምራ በሩን አየችው። ሾፌሩም አየው። ሾፌሩ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ፤ ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት የአጋቹ ይሁን የሾፌሩ መለየት አይቻልም ነበር። ነርሷ ከመሬት ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች።

«ቁልፉን ስጠኝ» አለችው።

«ይገድሉኛል» አለ ሾፌሩ። ይህም ጽሑፉ ውስጥ የለም።

«እኔ ፊት ፊት እሄዳለሁ። ስጠኝ።»

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኪሱ ውስጥ የነበረውን ቁልፍ አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረው። እጁን አልለቀቀችውም። ይዛው እንደ ሕመምተኛ ቀስ ብላ እየደገፈች ወደ በሩ ሄደች። ቁልፉን አዞረችው። «ቀጭ» አለ። በሩ በአንድ ጣት ተስቦ ያለ ድምፅ ተከፈተ፤ ለአራተኛ ጊዜ ሊረግጥ እየሮጠ የመጣው ፖሊስ የሚረግጠው አጥቶ ከእግሯ ሥር ተዘረጋ።

«ቀስ በሉ» አለች ነርሷ፤ «ሰው አለ።»

ሁለቱ ፖሊሶች በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። አጋቹና ታጋቿ እጅ ለእጅ እንደተያያዙ በመሃላቸው አልፈው ወጡ። ካሜራው ተከትሏቸው ባዶው በር ላይ ቆየ።

«ከት» አለች ዳይሬክተሯ፣ በሹክሹክታ።

ዳይሬክተሯ በሁሉም መሃል አልፋ በሩ ዘንድ ሄደች። ጣቷን በማጠፊያው ላይ አስኬደች፤ ጀርባውን ዞራ የብረቱን ጠፍር ዳበሰች። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

«ስንት ሚሊ ነው?»

«መቶ» አለ ጋሽ ሚሊ።

«መቼ?»

«በሦስተኛው ቀን። ዘቅጦ ነበር። ከምሳ በኋላ ልፈታው...»

«ሆን ብለህ ነው?»

ጥያቄው ከርግጫው የበለጠ መታው። «አይደለም» ሊል ይችል ነበር፤ ግን ለባለቤቱ ያልመለሰላት ጥያቄ ትዝ አለው። በአፉ ትቶ በእጁ መለሰ። ካቻቢቴውን ከኪሱ አወጣና በሩ ሥር ተንበረከከ። አምስት ሰዓት ከሩብ ነው። የመጀመሪያውን ቪስ ማዞር ጀመረ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በር ሲያጠብቅ ኖሯል፤ አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማላላት እየተጣደፈ ነው፤ ልጁ እንድትሄድለት።

«በሃያ ደቂቃ እፈታዋለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ከዚያ እንደ ብስኩት ይሰበርልሻል። ሰዎችሽን አዘጋጂ። በኔ በር የተነሳ ተመልሰሽ መጋዝ አታወርጂም፤ አላስወርድሽም።»

ዳይሬክተሯ አላየችውም። በካሜራው ትንሽ መስታወት ላይ የተቀረጸውን እየተመለከተች ነው። አንዴ አየችው። መልሳ አየችው። ነርሷና ሾፌሩ ከኋላዋ መጥተው በትከሻዋ ላይ አጎንብሰው አዩ። እጃቸው አሁንም አልተላቀቀም፤ ሁለቱም ያንን ልብ ያሉት አይመስልም። ጋሽ ሚሊ ሦስተኛውን ቪስ አወጣ። አራተኛውን ጀመረ።

«አባዬ።»

«ዐሥር ደቂቃ።»

«አባዬ፣ ካቻቢቴውን አስቀምጥ።»

ቀና አለ። ልጁ እያለቀሰች ነው፤ ግን ያ የአሥራ አራት ዓመቷ፣ ያለ ሚስማር መሳቢያ የገጠመች ለት የነበራት ፊት ነው።

«መጨረሻው ይሄ ነው» አለች። «እኔ ሁለት ዓመት የጻፍኩት ሌላ ነበር። ይሄ ይሻላል። መልሰህ ግጠመው።»

እግሩን የያዘው የጎማ ቤት ሠራተኛ ጥግ ተቀምጦ፣ «እኔስ? እኔ በዚህ በር ጣቴ ወልቋል» አለ። ነርሷ ሄዳ አየችለት። አልወለቀም።

ከስምንት ወር በኋላ ፊልሙ በግላቸው የሚሠሩ ፊልም ሠሪዎች ሥራቸውን በሚያሳዩበት ሳምንት እንዲታይ ተመረጠ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ደረጃው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀመጠ። ጋሽ ሚሊ የሠርግ ኮቱን ለብሶ ከባለቤቱ ጋር አራተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ሲገባ የአዳራሹን በር አይቶ፣ «ሁለት ማጠፊያ» ብሎ አጉረምርሟል።

ሦስተኛው ርግጫ ሲያርፍ አዳራሹ ትንፋሹን ዋጠ። ነርሷ ከመሬት ስትነሳ ከኋላው አንዲት የማያውቃት ሴት «ክፈቺው፣ እባክሽ ክፈቺው» ስትል ሰማ። ቁልፉ «ቀጭ» ሲል ደግሞ ጋሽ ሚሊ አስተማሪዋን አሰበ፤ በሩን አምነው ራሳቸውን ያላመኑትን። እንዲህ ያለ በር ቢያዩ ጠረጴዛውን ወደ ቦታው ይመልሱ ነበር ብሎ አሰበ። ባለቤቱ መሀረብ አቀበለችው። «አላለቀስኩም» አላት። «አውቃለሁ፤ ሰጋቱራ ገብቶብህ ነው» አለችው።

መብራቱ ሲበራ አዳራሹ በሙሉ ቆሞ ነበር። ጭብጨባው አላባራም፤ ሾፌሩና ነርሷ መድረክ ላይ ወጥተው እጅ ነስተው ሲጨርሱም ቀጠለ። ከሃያ ሁለት ፊልሞች አንደኛ መባሉ ሲነገር ነርሷ ሾፌሩን አቅፋ፣ «ግፊትህ እንዳይነሳ ተቀመጥ» ስትለው ድምፅ ማጉያው ለሁሉም አሰማ፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

አንድ ወጣት ተነስቶ ዳይሬክተሯን ጠየቃት፦ ሁሉም ሰው በሩ ይሰበራል ብሎ ሲጠብቅ ከውስጥ እንዲከፈት ማድረጉን እንዴት አሰብሽው?

«አላሰብኩትም» አለች። «በሩ አልሰበር አለ። የሠራው ሰው እዚህ አለ። አራተኛው ረድፍ ላይ፣ ኮት የለበሰው። አባቴ ነው።»

ድምፅ ማጉያው ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ መጣ። ሰው ሁሉ ዞረ። ጋሽ ሚሊ ቆመ። ባለቤቱ ኮቱን ከኋላ ሳብ አድርጋ አስተካከለችለት። ስለ በር ለማንም አውርቶ አያውቅም፤ አሁን ስድስት መቶ ሰው ይጠብቃል።

«ማጠፊያው ሦስት ነው» አለ። «ለእያንዳንዱ አራት ቪስ፤ ባለ መቶ ሚሊ። ከጀርባው ሁለት የብረት ጠፍር አለ። ይህን ያደረግኩት ለማንም ሳልናገር ነው፤ ጥፋት ነበር።» ትንሽ አሰበ። «ካሁን በኋላ እናገራለሁ።»

ጭብጨባው ከፊልሙ በኋላ ከነበረው ይልቅ በረታ ብላ ባለቤቱ ለጎረቤት ስታወራ ትምላለች።

የሾፌሩ አውቶቡስ አሁን ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ፌርማታ ላይ በሩን ከፍቶ ይቆማል፤ ነርሷ ሥራ ጨርሳ እስክትወጣ። ተሳፋሪ ቢያጉረመርም፣ «ታግቻለሁ» ይላል ሾፌሩ፤ ከውሃ ኮዳው አንዴ ይጎነጫል። ኮዳውን የሰጠችው እሷ ናት።

ልጅቱ ደግሞ ለቀጣዩ ፊልሟ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዛለች፤ ጠረጴዛ፣ ኮምፒዩተር፣ ሁለት ወንበር። በር አልነበራትም። ጋሽ ሚሊ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ያንን በር በጋሪ አስጭኖ መጣ፤ ከነቪሱ፣ ጀርባው ላይ የሦስቱ ርግጫ የጫማ ምልክት እንደታተመበት። ልጅቱ ምልክቱ እንዲጠፋ አልፈለገችም፤ እሱም ሊያጠፋው አላሰበም። መቃኑ ላይ ሲያስጠጉት አልገባም።

«ስንት ይተርፋል?» አለችው።

«በዓይንሽ ገምቺ።»

አንገቷን ዘመም አድርጋ አየችው። «አራት።»

ሜትሩን ዘረጋ። አራት ነው። መላጊያውን ከሣጥኑ አወጣና ለእሷ ሰጣት፤ እሱ የበሩን ጫፍ ጨበጠ።

«አንተ ያዝልኝ» አለች፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳታቆም መላግ ጀመረች።

«ይዣለሁ አለቃ» አላት።